ከስታምፎርድ ብሪጅ እስከ ከሰል ጉድጓድ

ነገሩ የተጀመረው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ሁለተኛው አጋማሽ እስኪጀመር ስንጠብቅ ክርክር ተነሳ። «በእንግሊዝ ኳስ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ማነው?» አንዱ «ቪቭ አንደርሰን» አለ። (ለእንግሊዝ ዋናው ብሔራዊ ቡድን ከሆነ ልክ ነው፤ 1978 ላይ።) ሌላው «ኧረ ተው፣ ከሱ በፊት ስንት ነበሩ!» ብሎ ተነሳ፤ ስም ጥራ ሲባል ግን ጠፋበት። ከኋላችን ሻዩን የሚያማስል አንድ ጎልማሳ «እነሱ ጥቁር ማስገባት የጀመሩት ትናንት ነው» ብሎ ዘጋው። ፊሽካው ተነፋ፤ ክርክሩም በዚያው ቀረ።

እኛ ግን ቤት ከገባን በኋላም አልለቀቀንም። ስንፈልግ አንድ ሰው አገኘን። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ፈጣኑ ሯጭ የነበረ፣ በረኛም የነበረ፣ ሁለቱንም እንጀራው ያደረገ ሰው። የተወለደውም እዚሁ አህጉራችን ላይ፣ አክራ ውስጥ ነው። ስሙ አርተር ዋርተን ይባላል። ታሪኩን አንብበን ስንጨርስ የመጀመሪያው ማነው የሚለው ጥያቄ ተረሳንና ሌላ ጥያቄ ያዘን፤ ጭብጨባው ሲያልቅ ሯጩ ምን ይበላል?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን የጻፍንበት ቦታ ላይ ዓ.ም. ብለናል።)

«የመጀመሪያው» የምትባል አደገኛ ቃል

ጋዜጠኝነት ስንማር ደጋግመው ካስጠነቀቁን ቃላት አንዷ «የመጀመሪያው» ናት። ከመጻፋችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። ዋርተንን «የመጀመሪያው ጥቁር ኳስ ተጫዋች» የሚሉ ብዙ ጽሑፎች አሉ፤ ትክክል አይደሉም። ከሱ በፊት አንድሩ ዋትሰን ነበር፤ 1881 ላይ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ 6 ለ 1 የቀጣ ሰው። ዋትሰን በዚያ ጊዜ የሚጫወተው ግን አማተር ሆኖ ነው። የዋርተን ስም ከሌሎቹ ተለይቶ የሚነሳው በሌላ ምክንያት ነው፤ በዓለም የመጀመሪያው ጥቁር ፕሮፌሽናል እግር ኳስ ተጫዋች ተብሎ ስለሚታወቅ ነው። ማለትም ለጨዋታው ደሞዝ የሚከፈለው። ታሪኩ ሁሉ የሚዞረውም በዚህች «የሚከፈለው» በምትለዋ ቃል ዙሪያ ነው።

ቄስ ሊሆን ሄዶ

ዋርተን የተወለደው ኦክቶበር 28 ቀን 1865 ነው። ያኔ አገሩ ጎልድ ኮስት ትባል ነበር፤ የዛሬዋ ጋና። አባቱ ሄንሪ ዋርተን ከካሪቢያኗ ግሬናዳ የመጣ የሜቶዲስት ሚሲዮናዊ ነበር፤ ግማሽ ጎኑ ስኮትላንዳዊ። እናቱ ደግሞ ከፋንቴ ሕዝብ፣ ከገዢ ቤተሰብ የተወለደች። እንግዲህ ልጁ የድሃ ልጅ አልነበረም፤ የተማረ ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝ የላኩትም ተምሮ እንደ አባቱ ሰባኪና መምህር እንዲሆን ነበር። በሰሜን እንግሊዝ ዳርሊንግተን በምትባል ከተማ፣ ክሊቭላንድ ኮሌጅ ገባ።

ልጁ ግን መጽሐፉን አስቀምጦ ሜዳ ገባ። ይህ ለማናችንም አዲስ አይደለም። «ተማር እንጂ ኳስ እንጀራ አይሆንም» የሚለውን ምክር ያልሰማ የሰፈር ልጅ ማን አለ? የዋርተን ቤተሰብ ምን እንዳለው ባናውቅም መገመት አያቅተንም።

ሮጠ። ክሪኬት ተጫወተ። ብስክሌት ነዳ። በዳርሊንግተን ክለብ በረኛ ሆነ። ጁላይ 1886 ላይ ለንደን ሄዶ ስታምፎርድ ብሪጅ በተደረገው የአማተር አትሌቲክስ ማኅበር ሻምፒዮና 100 ያርድን (91 ሜትር ከምናምን ነው) በ10 ሰኮንድ ድፍን ሮጦ አሸነፈ። አዎ፣ ስታምፎርድ ብሪጅ፣ ዛሬ ቼልሲ የሚጫወትበት ነው። ያን ጊዜ ቼልሲ የሚባል ክለብ አልተፈጠረም፤ ሜዳው የሯጮች ነበር። በዚያ ሻምፒዮና 10 ሰኮንድ ሲመዘገብ የመጀመሪያው ስለነበር ብዙዎች የ100 ያርድ የመጀመሪያው የዓለም ሪከርድ ባለቤት ይሉታል። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መጥቶ ሻምፒዮንነቱን አስጠበቀ።

ዓመቱን በእኛ ልክ ለማየት ያህል፤ 1886 መጨረሻ ላይ ነው ጣይቱ ብጡል ፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ የተቆረቆረችው። አውሮፓውያን በርሊን ላይ ተሰብስበው አፍሪካን የመከፋፈሉን ደንብ ካወጡ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። ጥቁር ሰው በአካልም በአእምሮም ያንሳል የሚል «ሳይንስ» በየመጽሐፉ ይታተም በነበረበት ጊዜ፣ የእንግሊዝ ፈጣኑ ሰው የአክራው ልጅ ሆነ። ሰዓት ደግሞ ቀለም አያይም።

የሰላጣ ሳህን እና ደሞዝ

አሁን ወደዚያች ቃል እንመለስ። «አማተር» ስንል ዛሬ «ጀማሪ» ወይም «ያልበሰለ» ማለታችን ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ግን አማተር ማለት ጨዋ ማለት ነበር፤ ለመኖር መሮጥ የማያስፈልገው ሰው። በ1866 የተቋቋመው የድሮው የአማተር አትሌቲክስ ክለብ መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያና የቀን ሠራተኛ የሆነን ሰው በሥራው ብቻ አማተር አይደለህም ብሎ ይከለክል ነበር። ገንዘብ ተቀበልክም አልተቀበልክም፣ በእጅህ ከሠራህ ከእኛ ጋር አትሮጥም ነው ነገሩ። በ1880 የተቋቋመው የአማተር አትሌቲክስ ማኅበር ይህን ክልከላ አነሳ። የገንዘቡ ክልከላ ግን ቀረ።

ስለዚህ አማተር ሯጭ ሲያሸንፍ የሚሰጠው ዋንጫ፣ ሰዓት፣ የቤት ዕቃ ነበር። እንደሚተረከው ዋርተን አንድ ጊዜ በዳኞች የተበደለ መስሎት ለሁለተኛነት የሰጡትን የሰላጣ ሳህን እዚያው ሰብሮ «ከስብርባሪው አዲስ ሥሩበት» ብሏቸዋል። ታሪኩን ስናነብ ስቀናል። ቆይተን ስናስበው ግን ሳህኑ ራሱ ብዙ ይናገራል። በሰላጣ ሳህን የቤት ኪራይ አይከፈልም።

በኳሱም ያው ነበር። የሰሜኑ የፋብሪካ ከተሞች ክለቦች ተጫዋቾቻቸው ሠራተኞች ስለሆኑ በስውር ይከፍሏቸው ነበር፤ የደቡቡ ጨዋዎች ደግሞ ይህን እንደ ነውር ያዩት ነበር። 1884 ላይ ፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ ተጫዋች ይከፍላል ተብሎ ከኤፍኤ ካፕ ተባረረ። የክለቡ መሪ ዊልያም ሰደል «አዎ እንከፍላለን፣ ሌላውም ይከፍላል» ብሎ ፊት ለፊት አመነ። ግርግሩ ቀጥሎ ጁላይ 1885 ላይ ማኅበሩ ፕሮፌሽናልነትን ፈቀደ። ዛሬ በሳምንት የሚከፈለውን ሰምተን ራሳችንን የምንይዝበት የእንግሊዝ ኳስ የተወለደው ከዚያ ጠብ ነው።

ዋርተንን በ1886 ያስመጣው ያው ፕሪስተን ነው። አማተርነቱን እንደያዘ በረኛቸው ሆነ። በ1887 እስከ ኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው በዌስት ብሮሚች አልቢዮን 3 ለ 1 ተሸነፉ። ይህ ቡድን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1888/89፣ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ሊግ ሳይሸነፍ ጨርሶ ዋንጫውንም ደርቦ የወሰደው «የማይበገረው» ቡድን ነው። ዋርተን ግን ያን ጊዜ የለም። 1888 ላይ ለቆ ወጥቶ ነበር። ለምን? ሊሮጥ። በገንዘብ ሊሮጥ።

ስሙን መደበቅ የማይችለው ሯጭ

ፕሮፌሽናል ሩጫ በዚያ ዘመን የራሱ ዓለም ነበረው፤ መዲናው ደግሞ ሼፊልድ ነበር። ውርርድ ያለበት ሩጫ ነው። ፈጣኑ ከኋላ ይነሳል፤ ቀርፋፋው ጥቂት ያርድ ወደ ፊት ተሰጥቶት ይነሳል። ሁሉም መጨረሻው ላይ እኩል እንዲገናኙ ታስቦ ነው። እንግዲህ ገባችሁ? እንዲህ ባለ ውድድር አትራፊው ፍጥነቱን የሚደብቅ ሰው ነው። ብዙ ሯጮች በሐሰት ስም ይመዘገቡ ነበር፤ አንዳንዱም ጥሩ መነሻ እስኪሰጠው ድረስ ሆን ብሎ ይሸነፍ ነበር።

ዋርተን ይህን ማድረግ የሚችል አይመስለንም። በሰሜን እንግሊዝ ሜዳ ላይ አንድ ጥቁር ፈጣን ሯጭ ሲቆም «ስምህ ማነው?» ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። 10 ሰኮንዱንም ጋዜጣው ሁሉ ጽፎታል። እንዲያም ሆኖ በ1888 በሼፊልድ ኩዊንስ ግራውንድ የመስከረሙን የሩጫ ውድድር አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ ኑሮው በወቅት ተከፈለ። በጋው ሩጫና ክሪኬት፣ ክረምቱ ኳስ። (የእነሱ በጋና ክረምት ከእኛ ይገለበጣል፤ ኳሳቸው የሚያርፈው ግንቦት ላይ ነው።) በ1889 ለሮዘራም ታውን ፈረመ፤ አሁን በግልጽ ደሞዝተኛ ሆኖ። በ1890 ኤማ ሊስተር የምትባል ሴት አገባ። እዚያው ሮዘራም ውስጥም የመጠጥ ቤት አስተዳዳሪ ሆነ። ያኔ ለታወቀ ተጫዋች መጠጥ ቤት መያዝ የተለመደ ነው፤ ደጋፊው እሱን ለማየት ይመጣል፣ እግረ መንገዱንም ይጠጣል። ለብዙዎቹም የመውደቂያቸው መጀመሪያ እሱ ሆኗል።

በረኛው

በዚያ ዘመን በረኛነት የዛሬው እንዳይመስላችሁ። በረኛው ኳስ በእጁ የሚነካው ሳጥን ውስጥ ብቻ አልነበረም። አጥቂዎች ኳስ ያዘም አልያዘም ገፍተው ከነኳሱ ግብ ውስጥ ሊከቱት ይፈቀድላቸዋል። ጓንት የለም። የተሻለው መከላከያ ቡጢ ነው፤ የዋርተን ቡጢ ደግሞ ታዋቂ ነበር። ኳሷን ሲመታ እግረ መንገዱን አንድ ሁለት ጭንቅላትም ያገኛል ይባል ነበር።

ትርዒትም ያበዛ ነበር። ከቋሚው ጥግ ቁጢጥ ብሎ ይጠብቅና በመጨረሻዋ ደቂቃ እንደ ቀስት ይወረወራል። እሱን ያየ አንድ ተመልካች ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ1942፣ ለጋዜጣ በላከው ደብዳቤ ያስታወሰው ነገር አለ። ዋርተን ዘሎ አግዳሚውን በእጁ ያዘ፤ ተንጠልጥሎ ኳሷን በሁለት እግሮቹ መሐል ቀረቀራት፤ እየሮጡ የመጡት ሦስት አጥቂዎች ሊያቆሙ አልቻሉምና መረብ ውስጥ ገቡ። ሰውየው ስንት ጨዋታ ካየ በኋላ ያልረሳት ይህችን ነው።

ሁሉም ግን አልሳቀም። በ1887 ፕሪስተን እያለ አንድ የስፖርት ጸሐፊ ቋሚዎቹ መሐል የጨዋታ ቦታ እንዳልሆነ ለማስረዳት የዚህ ጥቁር ራስ ቅል ወፍሮ ነው ወይ በሚል ስድብ ጽፎበታል። በሌላ በረኛ ቢሆን «ቀልደኛ» ተብሎ ይታለፍ ነበር ብለን እንጠረጥራለን። ምክንያት አለን።

በ1894 ዋርተን ወደ ሼፊልድ ዩናይትድ ተዛወረ። በዚያው ዓመት ክለቡ ሌላ በረኛ አመጣ፤ ዊልያም ፎልክ የሚባል፣ ገና ወጣት፣ ግዙፍ። ፎልክም እንደ ዋርተን ትርዒተኛ ነበር፤ የእሱ ትርዒት ግን እስከ ዛሬ በፍቅር የሚወራ ተረት ሆኗል። ቦታውን ፎልክ ወሰደ። ዋርተን በዋናው ቡድን ጥቂት ጨዋታ ብቻ ተሰለፈ። በነዚያ ጥቂት ጨዋታዎች በእንግሊዝ አንደኛ ዲቪዚዮን የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ፎልክ በኋላ የት ደረሰ ብትሉ፣ 1905 ላይ የአዲሱ የቼልሲ የመጀመሪያ በረኛና አምበል ሆኖ ስታምፎርድ ብሪጅ ቆመ። ዋርተን በ10 ሰኮንድ የበረረበት ሜዳ ላይ።

በፍትሐዊነት ለመናገር ዋርተን ያኔ ወደ ሠላሳ ዓመቱ ተጠግቷል፤ ፎልክም የሚናቅ በረኛ አልነበረም። ሁሉንም በዘር ብቻ ብንገልጸው እኛም እንሳሳታለን።

ቁልቁለቱ

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የክለብ ስም ዝርዝር ነው። ተመልሶ ሮዘራም፣ ስታሊብሪጅ ሮቨርስ፣ አሽተን ኖርዝ ኤንድ፣ በመጨረሻ ስቶክፖርት ካውንቲ። በ1896 አባቶቻችን አድዋ ላይ ሲዋጉ እሱ በእነዚያ ጭስ በሞላባቸው የሰሜን ከተሞች የሰው ግብ እየጠበቀ ነበር። በ1902 ጫማውን ሰቀለ። 36 ዓመቱ ነበር።

አሁን ቆም ብላችሁ አብራችሁን አስሉ። ከመቆሙ አንድ ዓመት በፊት፣ በ1901፣ የእንግሊዝ ሊግ የተጫዋች ደሞዝ በሳምንት ከ4 ፓውንድ እንዳይበልጥ ጣሪያ ተበጀለት። በ1898 የተቋቋመው የተጫዋቾች ማኅበር በዚያው ሰሞን ፈረሰ። ዛሬም ድረስ ያለው ማኅበር የተመሠረተው ማንቸስተር ውስጥ ዲሴምበር 1907 ነው፤ ዋርተን ካቆመ ከአምስት ዓመት በኋላ። ጡረታ የለም፣ ኢንሹራንስ የለም። ያለው የአንድ ሰሞን ደሞዝ ነው፤ ለዚያውም ጉልበት እስካለ ድረስ።

ክፉ ሰው ፈልገን ታሪኩን በእሱ ላይ ብንጭን ይቀለን ነበር። ግን አንድ ክፉ ሰው የለም። ዋርተን ራሱም መጠጥ ይወድ ነበር፤ ትዳሩም ሰላም አልነበረውም። ያም ሆኖ ነገሩ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አልነበረም። ሥርዓቱ የሚገዛው እግርና እጅ ነበር። እግርና እጅ ደግሞ ያረጃል።

መጨረሻው ዶንካስተር አጠገብ ኤድሊንግተን በምትባል የማዕድን መንደር ሆነ። ዮርክሻየር ሜይን በሚባለው የከሰል ማዕድን ውስጥ፣ ከመሬት በታች ከሰል የሚያጓጉዝ ሠራተኛ ሆኖ ለዓመታት ሠራ። በአንድ ወቅት የአገሩ ፈጣን ሰው የነበረው፣ በጨለማ ውስጥ ጋሪ ሲያስከትል። ታሞ ዲሴምበር 13 ቀን 1930 ሞተ፤ 65 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው በድሆች መቃብር ነው። ምልክት አልተደረገበትም።

ዋርተን ብቻውን አይደለም። ከሱ ትንሽ ቆይቶ አሜሪካ ውስጥ ጂም ቶርፕ የሚባል የአገሬው ተወላጅ ሕዝቦች ልጅ ነበር፤ እሱም የሁለት ስፖርት ፕሮፌሽናል፣ ቤዝቦልና የአሜሪካ እግር ኳስ። በ1912 የስቶክሆልም ኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ ወሰደ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ከኦሊምፒኩ በፊት ቤዝቦል ተጫውተህ ጥቂት ገንዘብ ተቀብለሃል ተብሎ ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። እሱም በድህነት ሞተ፤ 1953 ላይ። ብቸኛ አሸናፊነቱ በሙሉ የተመለሰለት በ2022 ነው። በሁለቱም ሕይወት ውስጥ ያለው ደንብ አንድ ነው፤ ለፍቅር ሩጥ፣ ለእንጀራ ከሮጥክ ጨዋ አይደለህም። ያን ደንብ ያወጡት እንጀራ ያልቸገራቸው ሰዎች ናቸው።

ድንጋዩ

የዋርተን መቃብር ከ66 ዓመት በላይ ምልክት አልባ ሆኖ ቆየ። በ1997 መቀመጫውን ሼፊልድ ያደረገ በኳስ ሜዳ ዘረኝነትን የሚታገል ድርጅት ገንዘብ አሰባስቦ ድንጋይ አቆመለት። በሚቀጥለው ዓመት ፊል ቫሲሊ የተባለ ጸሐፊ የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አወጣ። በ2003 በእንግሊዝ እግር ኳስ የዝና መዝገብ ገባ። በ2014 ደግሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን በሚለማመድበት ሴንት ጆርጅስ ፓርክ ሐውልት ቆመለት፤ ኳስ ሊያወጣ ወደ ላይ ተወርውሮ። ስናየው ደስ ብሎናል። ግን ሐውልት ሆዱ አይራብም፤ ሰውየው ሲራብ ማንም አልነበረም።

በእነሱ ብቻ እንዳንፈርድ ወደ ራሳችን ዞረን አንድ ፈተና ወሰድን። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው ቡድናችን፣ ግብፅን 4 ለ 2 የረታው። ስማቸውን ቁጠሩ ተባባልን። ሉቺያኖ ቫሳሎ። መንግሥቱ ወርቁ። ኢታሎ ቫሳሎ… ከዚያ ዝም። አምስት ጋዜጠኞች ነን ባዮች፣ አንድ አሰላለፍ አልሞላልንም። የቼልሲን ተቀያሪዎች ግን እስከ ሦስተኛው በረኛ ድረስ እንቆጥራለን።

ያን ቅዳሜ ሻዩን ሲያማስል የነበረውን ጎልማሳ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው አገኘነው። ስለ ዋርተን ነገርነው። ሰምቶ ሰምቶ «እኔም እኮ በረኛ ነበርኩ» አለን፤ የድሮ የክለቡን ስም ጠራ። ጉልበቱን አሳየን፤ ጠባሳ አለበት። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ አብረን ጎል አይተን ጮኸናል፤ ጠይቀነው አናውቅም ነበር።

እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ዘበኛ ይሆናል፣ ሱቅ ይኖረዋል፣ ወይም ጥግ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ድንጋዩ እስኪቆምለት አትጠብቁ። ዛሬ ሻይ ጋብዙትና ጠይቁት፤ የሚላችሁንም ጻፉት።